ጣራው በትከሻ ላይ ሳለ

ተረት ተረት።

የመሠረት።

ምነው ድምፃችሁ ቀጠነ? እናንተም ቀኑን ሙሉ ስትባክኑ ውላችኋል መሰለኝ። እኔም ወገቤ የእኔ አይደለም። ይሁን፤ የደከመው ሰው ተረት ለደከመው ሰው ይስማማል። አንቺ ከበሩ የቆምሽው ልጅ፣ ወይ ግቢ ወይ ውጪ። አንቺ በሩ መሐል ስትቆሚ ብርዱ የሚደርሰው ለሁላችን ነው። እንዲያውም ጥሩ አስታወስሽኝ። የዛሬው ተረቴ በር መሐል ስለሚቆም ሰው ነው። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ከአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ስንሻው የሚባል ገበሬ ይኖር ነበር። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። እናቱ እመት ዝማምም አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። እመት ዝማም አርጅተዋል። ዓይናቸው ደክሞ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያዩም። እግራቸውም ከመደብ አያወርዳቸውም።

ስንሻው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትረግሙት። አይሰክርም። አይሳደብም። በሬውን እንኳ በአለንጋ አይመታም። ጥፋቱ አንዲት ብቻ ነበረች፤ መቁረጥ አይሆንለትም። ሰው ምንም ቢጠይቀው፣ ምንም ቢያማክረው፣ መልሱ አንድ ነው፦

እስቲ ይታሰብበት።

ፍየል ሊገዛ ገበያ ይወርዳል። ጥቁሯን ያያታል፣ ቀይዋንም ያያታል። ጥቁሯን ሊገዛ ይልና ቀይዋ ታሳሳዋለች። ቀይዋን ሊገዛ ይልና ጥቁሯ ታሳሳዋለች። ከዚያም ገበያው ይፈታና ማሰሪያ ገመዱን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ለቅሶ ሊደርስ ይነሣል። በላይኛው መንገድ ልሂድ፣ በታችኛው ልሂድ ሲል፣ ለቀብር የተነሣው ሰውዬ ለሰልስት ይደርሳል። አንድ ዓመትማ ሽምብራ ልዝራ፣ ጓያ ልዝራ እያለ መሬቱ ደረቀበትና ከሁለት ያጣ ሆነ። ያን ዓመት አንጓች ከእናቷ ቤት እህል ተሸክማ መጣች። አገሩ ቢስቅበት እሱ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ይላል። እውነት ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ጭራሽ ያልተነሣስ ምን ለቀመ? እሱን የሚነግረን የለም።

ታዲያ አንጓች ምን አይታ አገባችው ትሉኝ ይሆናል። የአንጓች ታላቅ እኅት ባል ቁጡና ችኩል ነበር። መጀመሪያ ይመታል፣ ከዚያም ምን አድርገሽ ነው ብሎ ይጠይቃል። አንጓች የእኅቷን ፊት እያየች ነው ያደገችው። ስንሻው ሽማግሌ ሲልክ፣ ሽማግሎቹን ቆይ እስቲ እያለ ደጋግሞ ከመንገድ መለሳቸው አሉ። ዘመድ አዝማዱ ሲስቅ አንጓች ግን ደስ አላት። ረጋ ያለ ሰው አገኘሁ አለችና ገባች። አልተሳሳተችም፣ ረጋ ያለ ነው። ወተትም ረግቶ እርጎ ይሆናል፤ ዝም ብለው ሲያስቀምጡት ግን ይሻግታል።

ያ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር ከስንሻው ጓሮ እየቆረሰ ይሄድ ነበር። አንዱን ክረምት ጌሾውን ወሰደ። በሚቀጥለው የፍየሎቹን ጋጥ ወሰደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? በበጋ ብታዩት ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም፣ ጠጠሩ ላይ እየተጫወተ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ግን አንጓች ከጓሮዋ በታች አፈሩ ጯ እያለ ሲናድ ትሰማዋለች። እመት ዝማምም ይሰሙታል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጆሯቸው አይተኛም።

እመት ዝማም ከልጃቸው የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

ልጄ፣ እኔ መሞቱን አልጠላሁትም። ውሃ እንዳይወስደኝ ነው። ውሃ የወሰደው ሰው መቃብር የለው። ከደረቅ መሬት ላይ፣ ከገዛ ጣራዬ ሥር፣ እሳቴን እየሞቅሁ ልሙት።

አንጓች ይህን በሰማች ቁጥር እሳቱን ወደ እሳቸው ትቆሰቁስላቸዋለች። እመት ዝማም ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እንደ ልጃቸው ነው የያዟት። መቼ ነው ከዚህ የምንነሣው ብለው ሲጠይቋት፣ ትንሽ ቀረን እማማ፣ ትላቸዋለች። እንዲህ እያለች ክረምቱ አልፎ ክረምት ይተካል።

አሁን የዚያን አገር ወግ ስሙኝ፣ አለዚያ ተረቱ አይገባችሁም። በዚያ አገር የቤት እንጨት ብርቅ ነው። ሰው ከቦታ ሲለቅ ግድግዳውን ይተወዋል እንጂ ጣራውን ጥሎ አይሄድም። ጎረቤት በደቦ ይወጣና ጠፍሩን ፈትቶ፣ ጣራውን ከነሣሩ ከግድግዳው ላይ ያነሣዋል። ከሥሩ አግዳሚ እንጨት ያስገቡና ወንዶቹ በትከሻቸው ተሸክመው፣ እየዘፈኑ ወደ አዲሱ ቦታ ይወስዱታል። በመንገድ ላይ አያሳርፉትም። መሬት የነካ ጣራ ማገሩ ይላቀቃል፣ ሣሩም ይበተናል። ሴቶቹ ባላውን ተሸክመው ይከተላሉ። ጣራው እንደደረሰ በባላው ላይ ይቀመጥና ግድግዳው በኋላ ከሥሩ ይሠራል።

አስቀድሞ ግን አባወራው ከመረጠው ቦታ ላይ ችካል ይተክላል። ችካሉ የምሰሶው ቦታ ነው። እማወራዋ ደግሞ ከአሮጌው ምድጃ ፍም በገል ይዛ ትመጣና ከችካሉ አጠገብ ታሳርፈዋለች። ችካል ተተክሎ ሊነቀል ይችላል። ያረፈ እሳት ግን አይነሣም። እሳት ካረፈበት ያ ቦታ ቤት ነው፣ ጣራውም እዚያው ይወርዳል። ችካል ሳይተከል እሳት ያሳረፈች ሴት በዚያ አገር ታይታ አትታወቅም።

ስንሻው ሁለት ቦታ ነበረው። አንዱ ዳገቱ ራስ ላይ ነው። ደረቅ ነው፣ ጎርፍ አይደርስበትም፣ ግን ነፋስ ይበረታበታል። ሌላው ከታች ከሾላው ሥር ነው። ጥላ አለው፣ ምንጩ ቅርብ ነው፣ ግን ጅብ ይመላለስበታል። ጠዋት ችካሉን ዳገቱ ላይ ይተክለዋል። ነፋሱ ትዝ ይለዋል። ይነቅልና ከሾላው ሥር ይተክለዋል። ጅቡ ትዝ ይለዋል። ነቅሎ ወደ ቤት ይዞት ይገባል። ከመመታቱ ብዛት የችካሉ አናት ተተረተረ፣ ሹሉም ዶለዶመ።

አንጓች መጀመሪያ ትለምነው ነበር። የትኛውም ይሁን፣ ብቻ አንዱ ይሁን ትለዋለች። በኋላ ትጨቃጨቀው ጀመር። ከዚያም ዝም አለች። ማለዳ ተነሥታ ያ ችካል ከምድጃው አጠገብ ተጋድሞ ስታየው ወደ ጥግ ገፋ ታደርገውና እሳቷን ታያይዛለች። ስንሻውም ዝምታዋን አይቶ፣ ተመስገን፣ ሚስቴ ገባት አለ። ደክሟት እንደሆነ ማን ይንገረው?

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ግንቦት ሲጋመስ፣ ከቤታቸው ደጃፍ መሬቱ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ክንድ ያስገባል። የደቦው አለቃ አያ ጓንጉል ወሬውን ሰሙና መጡ። አያ ጓንጉል ሸምግለዋል፣ ጉልበታቸውም ያማቸዋል፣ ግን በዚያ አገር ያለእሳቸው ጣራ አይነሣም። ስንጥቁን በዱላቸው ለኩና ስንሻውን ጠሩት፦

ለቅዳሜ ሰው ይዤልህ እመጣለሁ። እስከዚያ ችካልህን ትከል። ሰኔ ከገባ ከዚህ የሚወጣ የለም።

እሺ አለ ስንሻው። እሺ ማለት እንኳ አይቸግረውም ነበር።

አንጓች ጠላዋን ጠመቀች፣ ንፍሮዋን ቀቀለች። ቅዳሜ በማለዳ ሰዉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጠፍሩን ፈቱና አያ ጓንጉል ሆ ሲሉ ጣራው ከግድግዳው ላይ ተነሣ። እመት ዝማምን በቃሬዛ አወጧቸው። አንጓች ፍሟን በገል አድርጋ፣ አመድ አልብሳ፣ ከአማቷ ጎን ጎን ተከተለች። ዞር ብላ ቤቷን አየችው። ጣራ የሌለው ግድግዳ ፀሐይ ገብቶበት፣ የተኛችበት መደብ፣ ጥላሸት የጠገበው ማጀቷ፣ ሁሉም ወለል ብሎ ለመንገደኛ ይታያል። አፈረች።

ዘፈኑ ደመቀና መንገዱ ተጀመረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነትም ጣራው ሲሄድ ሸክም አይመስልም ነበር። እንዲህ እየዘፈኑ መንገዱ ሁለት ከሚከፈልበት ድንጋያማ ሜዳ ደረሱ። አንዱ ወደ ዳገቱ፣ አንዱ ወደ ሾላው ይወስዳል። አያ ጓንጉል ከፊት አግዳሚውን እንደተሸከሙ ጠየቁ፦

ስንሻው፣ ችካልህን ወዴት ተከልኸው?

 ስንሻው እጁን ወደ መታጠቂያው ሰደደና ችካሉን አወጣው። ጎህ ሲቀድ ሄዶ ነቅሎት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ልየው፣ አሁን እመጣለሁ አለና ወደ ዳገቱ ሮጠ።

ሰዉ ቆመ። ስንሻው ዳገቱ ላይ ወጥቶ ፊቱን ለነፋሱ ሰጠ። ተመለሰና ወደ ሾላው ወረደ። የጅቡን ዱካ አየ። ተመልሶ ወደ ዳገቱ ወጣ። ፀሐይዋ ከረረች። ዘፈኑ ቀዘቀዘና ጠፋ። ሲሄድ ጌጥ የነበረው ጣራ ሲቆም ሸክም ሆነ። ላቡ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ የገባበት ሰው በምን ይጥረገው? እጁ እንጨት ይዟል። አንዱ ስንሻውን ሊረግም አፉን ከፈተ፣ ግን ለርግማንም ትንፋሽ ያስፈልጋልና ተወው። የአያ ጓንጉል ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንጓች አየችው። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እሷ ሲዞርም አየች። ባሏ ያመጣውን ሚስት ናት የምታፍረው።

ቃሬዛው ከድንጋዩ መሐል አርፏል። አንጓች ነጠላዋን አውልቃ ለእመት ዝማም ከፀሐይ ጋረደችላቸው። እመት ዝማም ዘፈኑ መቆሙን ሰሙና ፊታቸው በራ፦

ደረስን ወይ ልጄ?

ትንሽ ቀረን እማማ፣ አለች አንጓች።

ጥቂት ቆዩና ደግመው ጠየቁ። ደግማም ትንሽ ቀረን አለቻቸው። ከንፈራቸው ደርቋል። ውሃ አጠጣቻቸው። ገሉን ገለጥ አድርጋ ስታይ አመዱ ነጥቷል፤ ከመሐሉ አንዲት ቀይ ፍም ብቻ ቀርታለች። ቀና አለች። ስንሻው ዳገቱ ላይ ቆሟል። ወዲህ ያያል፣ ወዲያ ያያል። አንጓች ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ያን ጀርባ ብታየው ብታየው ልትጠላው አልቻለችም። ልትጠብቀውም አልቻለችም።

እመት ዝማም እጃቸውን ዘርግተው እጇን ያዙ፦

አንጓችዬ፣ ደረስን ወይ?

አንጓች አፏን ከፈተች። ትንሽ ቀረን ልትል ነበር። ቃሉ አልወጣ አላት። ብዙ ጊዜ ተብሎ ተብሎ አልቆ ነበር መሰለኝ።

አዎ እማማ፣ አለች። ደርሰናል።

ጥበብ እንዳይመስላችሁ። ሌላ ሰው ቢተርትላችሁ ብልኅ ሴት ነበረች ይላችኋል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ደክሟት ነው። ከተናገረች በኋላ ራሷ ደነገጠችና ዙሪያውን አየች። ዳገት አይደለም፣ ሾላም የለም። ድንጋይና የአጋም ቁጥቋጦ ነው። ሌላ ቀን ብትጠየቅ ማንም የማይመርጠው ቦታ ነው። ቃሏን ልትመልሰው አሰበች።

እመት ዝማም ግን እጃቸውን ከቃሬዛው አወረዱና መሬቱን ዳሰሱ። አፈሩን ቆንጥረው በጣታቸው አሹት። አቧራው በነነ።

ደረቅ ነው፣ አሉ። ተመስገን፣ ደረቅ ነው። ከዚያም ያቺን ቁንጥር አፈር ጨብጠው ዓይናቸውን ከደኑ።

አንጓች ከዚያ ወዲያ ቃሏን እንዴት ትመልሰዋለች? ጎንበስ አለችና ሦስት ድንጋይ ለቅማ ጉልቻ ጎለተች። ከመሐሉ ፍሟን ገለበጠች። ከሜዳው ያገኘችውን ኩበት ቆራርሳ ጨመረችና በጉልበቷ ተንበርክካ እፍ አለች። እፍ አለች፣ ዓይኗ አለቀሰ፣ ጭሱ ይሁን ሌላ እሷ ታውቃለች። ከዚያም ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ሸክም ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጭሱን አየ።  አያ ጓንጉል እንደምንም አንገታቸውን አዙረው፣ ችካል ሳይተከል እሳት አሳረፍሽ ወይ አሏት። አንጓች ከተንበረከከችበት ሳትነሣ መለሰች፦

አያ ጓንጉል፣ እማማን ደርሰናል ብያቸዋለሁ። ከእንግዲህ አላነሣቸውም።

አያ ጓንጉል እመት ዝማምን አዩ። እሳቱን አዩ። ዳገቱ ላይ ያለውን ሰውዬም አዩ። ሥርዓት ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ፣ ግን ጉልበታቸውም የራሱን እየነገራቸው ነበር። እሳት አርፏል፣ አውርዱ አሉ። ሴቶቹ ባላውን በእሳቱ ዙሪያ አቆሙ። ወንዶቹ ጣራውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያም ከጣራው ሥር፣ ከጥላው፣ ባሉበት ተዘረሩ። ጠላው መኖሩን እንኳ ያስታወሰ አልነበረም።

ልክ ይኼኔ ስንሻው ከዳገቱ እየሮጠ ወረደ። ችካሉን ከፍ አድርጎ ይዞታል። አንጓች ካወቀችው ጀምሮ ፊቱ እንዲህ በርቶ አይታው አታውቅም።

ቆረጥሁ፣ አለ እያለከለከ። ዳገቱ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ግን የሳቀበት ሰው አልነበረም፤ ለመሳቅም ደክሟቸው ነበር። ስንሻው ጣራውን አየ። በሣሩ መሐል የሚወጣውን ጭስ አየ። የእናቱን ቃሬዛ ከእሳቱ አጠገብ አየ።  ችካሉን እንደያዘ እዚያው ከጣራው ጠርዝ ደርቆ ቀረ። በሕይወቱ አንዴ ቆርጦ ነበር፣ እሱም ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ሆነ።

እመት ዝማም ኮቴውን ለዩት።

ስንሻው ነው? ምን ይዞ መጣ? ብለው አንጓችን ጠየቁ።

አንጓች ባሏን አየችው። ችካሉንም አየችው። ኩበቱ እያለቀ ነበር፣ እሳቱም መጉደል ጀምሯል። ተነሥታ ወደ እሱ ሄደችና እጇን ዘረጋች።

ማገዶ ይዞልን መጥቷል እማማ፣ አለች።

ስንሻው ችካሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘው።  ከዚያም ጣቶቹ ተፈቱ። አንጓች ወሰደችና ከጉልቻው መሐል ማገደችው። በየቀኑ ሲነቀል ሲተከል ደርቆ የከረመ እንጨት ነውና ቶሎ ተያያዘ። እመት ዝማም ሙቀቱ ፊታቸው ላይ ሲደርስ ፈገግ አሉ።

ተባረክ ልጄ፣ አሉት። ስትወለድም እንዲህ ነበርህ። አገሩን ሁሉ አስጨንቀህ፣ አድክመኸን፣ ግን መጣህ።

ስንሻው ከእናቱ እግር ሥር ተቀመጠና አለቀሰ። የሚያስበው ነገር ስላልነበረው ይሆናል፤ እንባው እንደ ሌላው ነገሩ አልዘገየም።

ከዚያም ሐምሌ ገባ። ወንዙ መጣና አሮጌውን ግድግዳ ከነመደቡ፣ ከነምድጃው ጠርጎ ወሰደው። እመት ዝማም ድምፁን ከሩቅ ሰሙት። መስከረም ሳይጠባ፣ ከገዛ ጣራቸው ሥር፣ እሳታቸውን እየሞቁ አረፉ። ስንሻው ለዚህኛው ቀብር አልዘገየም። መቃብራቸው ደረቅ መሬት ላይ ነው።

ቤቱም ቤት ሆነ። ከዳገቱ ነፋስ ጥቂት ይደርሰዋል። ከሾላው ጅብ አንዳንዴ ብቅ ይላል። ድንጋዩን ለቅሞ ለመጨረስ አንጓች ብዙ ወገብ ከፍላበታለች። ደስ አላት ወይ ብትሉኝ እንጃ። የዚያን ሁሉ ዓመት ድካም አንድ ቅዳሜ አያወጣውም። ብቻ ተኝታ ስታድር አፈር ሲናድ አትሰማም።

ስንሻውም ልማዱ ጨርሶ አልለቀቀውም። አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ከበሩ መሐል ቆሞ ዳገቱን ያያል። ዳገቱ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ብሎ ጀመረ። አንጓች ከምድጃው አጠገብ እግሯን እየታሸች ነበር። ቀና ሳትል ተናገረችው፦

ስንሻው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ። ብርዱ ገባ።

ስንሻው አሰበ። ከዚያም ገባና በሩን ዘጋው።

እኔም ጨረስሁ። በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦ ከሌለ ቆሎም አይከፋኝ። ብቻ ዳቦ እንስጣት፣ ቆሎ እንስጣት እያላችሁ ከጓዳው መሐል እንዳትቆሙብኝ፤ እስክትቆርጡ እንቅልፌ ይመጣል።